የማያዳላ፣ ገለልተኛ፣ ግድየለሽ፦ ሦስት ቃላትና አንድ ጦርነት

ሁለት ጓደኞቻችሁ ተጣልተው «እስቲ ፍረዱን» አሏችሁ እንበል። የሁለቱንም ሰምታችሁ ጥፋተኛውን «አጥፍተሃል» ልትሉት ትችላላችሁ። ወይም «እኔ በናንተ ጠብ አልገባም» ትላላችሁ። ወይም ደግሞ «ምን አገባኝ!» ብላችሁ ወደ ስልካችሁ ትመለሳላችሁ። በሦስቱም አስቀድማችሁ ለማንም አልወገናችሁም። ግን ሦስቱ አንድ ናቸው እንዴ? አይደሉም፤ አማርኛም ለየብቻ ስም አውጥቶላቸዋል።

የመጀመሪያው «የማያዳላ» ይባላል። ማድላት ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ነው፤ «ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላል» እንደምንለው። የማያዳላ ሰው ሳያዘነብል ይመዝናል፤ መዝኖም ይፈርዳል። ሁለተኛው «ገለልተኛ» ነው። ቃሉ «ገለል አለ» ከሚለው ስለመጣ የሚነግረን ሰውየው ፈቀቅ ብሎ መቆሙን እንጂ መመዘኑን አይደለም። ሦስተኛው «ግድየለሽ» ነው፦ ጉዳዩ ምንም የማይመስለው፣ ደንታ ቢስ።

እነዚህን ማምታታት የኛ ብቻ ችግር አይደለም። በእንግሊዝኛ «ዲስኢንተረስትድ» የሚለው ቃል ዛሬ በጥንቃቄ ሲጻፍ «የግል ጥቅም የሌለው፣ የማያዳላ» ማለት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን «ፍላጎት የሌለው» ለማለትም ያገለግል ነበር።

ቃላቱ ሲምታቱ ምን ሊመጣ እንደሚችል የአገራችን ታሪክ በደንብ ያሳያል (ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)። በኅዳር 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የጣሊያን ወታደሮች ወልወል ላይ ተጋጩ። ጉዳዩን የመረመረው የሽምግልና ኮሚሽን ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. «ለግጭቱ ሁለቱም መንግሥታት ተጠያቂ አይደሉም» ብሎ ወሰነ። ወልወል የማን መሬት ነው የሚለውን ዋና ጥያቄ ግን እንዲያይ አልተፈቀደለትም። ዋናው ነገር ከሚዛኑ ላይ ከተነሣ ሚዛኑ እኩል ቢሆን ምን ይገርማል? ልክ በወሩ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር መረብን ተሻግሮ ወረረን።

አሜሪካ በበኩሏ ከወረራው አንድ ወር ቀደም ብላ የገለልተኝነት ሕግ አውጥታ ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ አወጁ። «ለሁለቱም» መባሉን ልብ በሉ፤ ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ጣሊያን ጠመንጃውንም፣ መድፉንም፣ አውሮፕላኑንም ራሷ ትሠራ ነበር። ኢትዮጵያ ደግሞ ዘመናዊ መሣሪያ የምታገኘው ከውጭ ገዝታ ነው። በዚያ ላይ ነዳጅ በክልከላው ውስጥ አልነበረም። የመንግሥታቱ ማኅበርም በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን አልከለከለም፤ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ነበር። ስለዚህ አንድ ዓይነት ክልከላ አንዱን ክፉኛ ጎዳ፣ ሌላውን እምብዛም አልነካም። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ ለማኅበሩ አቤት ሲሉ አገሪቱ ተይዛ ነበር። በቀጣዩ ወር ማዕቀቡም ተነሣ።

ታዲያ ገለልተኝነት ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለት ነው? አይደለም። በዚያው ጦርነት የቀይ መስቀል ሐኪሞች ከተለያዩ አገሮች መጥተው ቁስለኛ ያክሙ ነበር። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን የሕክምና ካምፕ በቦምብ ደበደቡ፤ ሕይወትም ጠፋ። እነዚህ ሰዎች መሣሪያ አንሥተው አልተዋጉም፤ ግድየለሽ ግን አልነበሩም። በ1958 ዓ.ም. የቀይ መስቀል እንቅስቃሴ ቪየና ላይ መርሆቹን ሲያጸድቅ አለማዳላትንና ገለልተኝነትን ለየብቻ ጻፋቸው። አለማዳላት ማለት ዘርና ሃይማኖት ሳይለዩ እንደ ችግሩ ክብደት መርዳት ነው፤ ይበልጥ የተጎዳው ቅድሚያ ያገኛል። ገለልተኝነት ደግሞ በጠቡ ውስጥ ወገን አለመያዝ ነው። የሚያስፈልገውም ቁስለኛው ዘንድ ለመድረስ የሁለቱንም ወገን አመኔታ ለማግኘት ነው።

እናም «እኔ ገለልተኛ ነኝ» የሚል ሰው፣ ድርጅት ወይም መንግሥት ሲያጋጥማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የሁለቱን ወገን ሁኔታ መዝኗል ወይ? ገለል ማለቱ ማንን ጠቀመ? ለተጎዳውስ ምን አደረገ? ምላሹ ከሦስቱ ቃላት የትኛው እንደሚገባው ይነግራችኋል።