የባሕር አይሮፕላንና የወሎ ደጋ

ስለ ባሕር አይሮፕላን ለመጻፍ ከመካነ ሰላም መነሣት ያስቅ ይሆናል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የቦረና ደጋ ናት። ዓባይ ከታች በገደሉ ውስጥ ይወርዳል፤ ከላይ አምባ ፈሪት ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል። ጀልባ እንኳ ብርቅ በሆነበት አገር የባሕር አይሮፕላን ምን ያደርጋል? ታሪኩ ግን፣ ጓደኞቼ፣ ከወሎ ዕጣ ጋር የሚነካካበት ቦታ አለው።

በሚያዝያ 1906 ዓ.ም. ሃዋርድ ፒክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሶፕዊዝ ታብሎይድ በምትባል ትንሽ አይሮፕላን ሞናኮ ላይ የሽናይደርን ዋንጫ ወሰደ። በመንኮራኩር ፈንታ መንሳፈፊያ ተገጥሞላት ነበር። ያኔ ነገሩ ስፖርት ነው። ጦርነቱ ሲመጣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ያችኑ አይሮፕላን መትረየስ ጫነባትና ተዋጊ አደረጋት። ተከታይዋ «ቤቢ» ተባለች፤ የምትይዘው አንድ ሰው፣ ሞተሯም 110 ወይም 130 የፈረስ ጉልበት። የመርከቡ ክሬን አንሥቶ ውሃ ላይ ያስቀምጣታል፣ ውሃውን እየሰነጠቀች ትነሣለች፤ ስትመለስም እዚያው ታርፍና ክሬኑ መልሶ ይጎትታታል። ሜዳ ደልድሉልኝ አትልም፤ ባሕሩ ሁሉ ሜዳዋ ነው። ዕዳዋም ያው መንሳፈፊያው ነው፤ ክብደቱና ነፋስ መያዙ ወደ ላይ እንዳትወጣ ያስራታል። ጣሪያዋ 3,000 ሜትር ገደማ ነበር። እንግዲህ አስቡት፣ መካነ ሰላም ብትደርስ ከቤቱ ጣራ በላይ የሚቀራት 400 ሜትር ያህል ብቻ ነው። አምባ ፈሪትንማ ጨርሶ አትሻገርም!

ቤን ማይ ክሪ የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ሾርት የሚባሉትን ትላልቅ የባሕር አይሮፕላኖችና የሶፕዊዝን ትናንሽ ተዋጊዎች የምትጭን ነበረች። በ1908 ዓ.ም. ግንቦት ሲያልቅ ዓደን ደረሰች፤ አይሮፕላኖቿም በዙሪያው የሰፈረውን የቱርክ ጦር ደበደቡ። ሰኔ 8 ቀን ጅዳ ላይ ቦምብ ጣሉ። በማግሥቱ የጅዳ የቱርክ ጦር ለሸሪፍ ሑሴን ሰዎች እጁን ሰጠ።

በዚያው ክረምት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን «ልጅ ኢያሱ ከቱርክ ጋር ሊወዳጁ ነው» እያሉ ጥርስ ነክሰውባቸው ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ገሰገሡ፤ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ 80 ሺህ ይሉታል። ገበሬው ስንቁን ይዞ በእግሩ ነው የሄደው። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ንጉሡ ተሸንፈው ተማረኩ። ሰገሌን የባሕር አይሮፕላን አሸነፈው አልልም፤ እሱማ ቅዠት ነው። ነገር ግን የቱርክ እርዳታ ቢመጣ መሻገሪያው ቀይ ባሕር ነበር፤ ቀይ ባሕር ደግሞ በመርከብም በአይሮፕላንም በሌላ እጅ ገብቷል።

አይሮፕላን ራሱ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 ይባላል፤ አብራሪው ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ። ባለ መንኮራኩርና 450 የፈረስ ጉልበት ያለው ስለሆነ ለአምባ ፈሪት ከፍታ አይበገርም። ታዲያ የመጀመሪያ የጦር ሜዳ ሥራው በባዕድ ላይ አልነበረም። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ ከቤጌምድር ሲዘምቱ መጀመሪያ ግዝት የታተመበት ወረቀት ከሰማይ ተበተነባቸው፤ መጋቢት 22 ቀን ደግሞ በቤጌምድርና በወሎ ድንበር፣ አንቺም ላይ፣ ቦምብ ወረደ። ራስ ጉግሣ እዚያው ሞቱ። የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን ዐረፉ። ወረቀቱን ያነበበ ወታደር ስንት ይሆን? እኔ እንደሚመስለኝ ብዙውን ያስፈራው ጽሑፉ ሳይሆን ድምፁ ነው።

የባሕር አይሮፕላንን ነገር እስከ ጫፉ ያደረሰችው ጣሊያን ናት። በጥቅምት 1927 ዓ.ም. ፍራንቼስኮ አጄሎ ጋርዳ ሐይቅ ላይ ባለ መንሳፈፊያዋን ማኪ በሰዓት 709 ኪሎ ሜትር አበረራት። ያኔ በዓለም ላይ የሚቀድማት አልነበረም። ከዓመት በኋላ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የዚያችው አገር ቦምብ ጣዮች ደሴ ላይ መጡ። እነዚህ ባለ መንኮራኩር ናቸው፤ ባሕርም ሐይቅም አላስፈለጋቸውም። ከተማው ተቃጠለ፣ ሆስፒታሉም ሳይቀር ተመታ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የሚታዩበት ፎቶግራፍ የደሴው ነው።