ከፊደል አናት ላይ

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ በሚጠብቁ ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አኖሩ። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ደግሞ ያልደረሰ ነገር። ደብረ ማርቆስ አቅራቢያ እንዶዳም ተወልደው ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ለተማሩ ሰው ፊደል ላይ ምልክት ማየት ብርቅ አልነበረም። ሊቃውንቱ እንደሚተርኩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ተድባበ ማርያም ላይ የዜማ መጽሐፉን የድጓን ምልክት ሠርተዋል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደት፣ ቁርጥ የተባሉት ስምንቱ ምልክቶች ከቃሉ በላይ በጥቃቅን ፊደላት ታጅበው ይሰፍራሉ።

የማጥበቂያው ነጥብም የዜማው ምልክትም እ.ኤ.አ. በ2005 የኮምፒውተር ፊደላት ደረጃ በሆነው ዩኒኮድ 4.1 ውስጥ ገቡ፤ አገባባቸው ግን ለየቅል ነው። ነጥቡ ከፊደሉ ቀጥሎ ሲጻፍ አናቱ ላይ ይወጣል። የዜማዎቹ ግን፣ ሁለት ዝርያ ተጨምሮ 10 ሆነው፣ እንደማንኛውም ፊደል በመስመሩ ላይ ይቆማሉ። ወደ ላይ የሚያወጣቸው የድረ ገጹ ታግ ነው።

ታጉ ሩቢ ይባላል፤ የታሰበውም ለጃፓን ጽሑፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ ኤክስኤችቲኤምኤል 1.1 ሩቢን በሰፊው አደራጅቶ ለአንድ ቃል እስከ ሁለት ረድፍ ማብራሪያ ፈቀደ። ድጓ ምልክትም ፊደልም ስለሚደረድር ይህ ስፋት ይመቸው ነበር። የኤክስኤችቲኤምኤል ጠባይ ግን እንደ ክፉ የዜማ መምህር ነው፦ አንድ ታግ ሳይዘጋ ከቀረ ብራውዘሩ ገጹን ትቶ የስህተት መልእክት ያወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2004 አፕል፣ ሞዚላና ኦፔራ ሌላ መንገድ ጀመሩ። ከዚያ የተወለደው ኤችቲኤምኤል5 ይቅር ባይ ነው። ምልክቱ የሚጻፍበት «አርቲ» የተባለው ታግ ሳይዘጋ ቢቀር እንኳ ገጹ ይከፈታል፤ ደንቡ ራሱ ፈቅዷል። ተፎካካሪው ኤክስኤችቲኤምኤል 2 በ2009 ተቋረጠ፤ በ2019 ደግሞ ሁለቱን መንገዶች ይመሩ የነበሩት ደረጃ አውጪ ወገኖች በአንድ ሰነድ ሊሠሩ ተስማሙ።

በእኔ እይታ የኤክስኤችቲኤምኤል መሸነፍ ተገቢ ነበር፤ ድረ ገጽ የሚሠራው ሰው ሁሉ ታግ ቆጣሪ አይደለም። ሆኖም ሰፊው ሩቢ አብሮት ቀረ። ዛሬ ምልክቱንና ጥቃቅኑን ፊደል በየረድፋቸው ሊያሰፍር የሚሻ ጸሐፊ አንዱን ሩቢ በሌላው ሆድ ውስጥ ይከታል፤ ለአንዲት የድጓ መስመር ብቻ ታጉ ከቃሉ ይበልጣል።