የ16 ፊደል ወሰን፦ የኮምፒውተር መግቢያ መዝገብ ታሪክ



በዚህ በደብረ ታቦር ዙሪያና በመላው ደጋ ባሉ ጥንታውያን አድባራት የርስትና የጉልት ውል የት ይጻፍ እንደ ነበር ከእናንተ መካከል ብዙዎች ያውቃሉ፤ በወንጌሉ ኅዳግና ባዶ በቀረው ብራና ላይ ነው። ስለዚህም እንዲህ ያለውን ሰነድ የሚመረምር ሰው ከጸሐፊው አሳብ አስቀድሞ የብራናውን ስፋት ይመለከታል። ዛሬ የምናገረው ስለ ሌላ መዝገብ ቢሆንም ጥያቄው ያው ነው፤ ወደ አንድ ኮምፒውተር ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደ ገባ የሚመሰክረው መዝገብ ስንት ፊደል ይይዛል?

በቤል ላቦራቶሪዎች እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1971 የወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ መምሪያ «ማን አለ» ብሎ የሚጠይቀውን «ሁ» የተባለ ትእዛዝ በውስጡ ይዞ ነበር። በ1979 በወጣው ሰባተኛው እትም አንድ የመግቢያ ምዝገባ 20 ባይት ብቻ ነበረው፦ 8 ለመስመሩ፣ 8 ለተጠቃሚው ስም፣ 4 ለሰዓቱ። «ከየት» የሚል ዓምድ አልነበረም። ሰዎቹ በሽቦ ወይም በስልክ መስመር በተያያዘ ቴሌታይፕ ስለሚሠሩ የመስመሩ ስም ይበቃ ነበር።

መረብ ሲመጣ ግን «ከየት» የግድ ሆነ። በ1983 በበርክሌይ የተዘጋጀው 4.2 ቢኤስዲ ለመነሻው ኮምፒውተር 16 ፊደል መደበ። በዘመኑ ሚዛን ይህ ብልህ ውሳኔ ነበር፤ አራት ክፍል ያለው የቁጥር አድራሻ ቢረዝም ከነነጥቦቹ ከ15 አይበልጥምና።

በዲሴምበር 1995 የአይፒቪ6 ድንጋጌ ወጣ። አዲሱ አድራሻ እያንዳንዳቸው አራት አኃዝ ያላቸው ስምንት ክፍሎችና ሰባት መለያ ነጥቦች አሉት፤ በሙሉ ሲጻፍ 39 ፊደል ይሆናል። አገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረችው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ አዲሱ አድራሻ ከተነደፈ ከዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዘግይተን ብንደርስም የአሮጌውን ቤት ሥርዓት ከነጉድለቱ ወረስን።

ሊኑክስ በመዝገቡ ውስጥ ያለውን ቦታ ወደ 256 ፊደል አስፍቷል። ነገር ግን ያለፉ መግቢያዎችን የሚዘረዝረው «ላስት» ለዓይን የሚያሳየው፣ ካልታዘዘ በቀር፣ የመጀመሪያዎቹን 16 ብቻ ሆኖ ቆየ። መቁረጡንም በምንም ምልክት አያስታውቅም። እስቲ እናስላ፦ ክፍሎቹ ሁሉ ሙሉ ከሆኑ 16 ፊደል የሚይዘው ሦስት ክፍልና የአራተኛውን አንድ አኃዝ ነው። በተለመደው አሠራር ሦስቱ ክፍሎች የሚያመለክቱት መላውን ተቋም ሲሆን፣ ንዑስ መረቡ የሚለየው በአራተኛው፣ ግለሰቡ ማሽን ደግሞ በቀሩት አራት ነው። እንግዲህ አንድ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይህን ዝርዝር አትሞ «አድራሻው ከአንተ ጋር አንድ ነው» ቢል፣ ያረጋገጠው ተከሳሹ የዚያ ተቋም መረብ ተጠቃሚ መሆኑን ብቻ ነው። ይህንንማ ማን ካደ! የብራናው ጸሐፊ ቦታ ሲጠበው ምን እንደሚያስቀር ራሱ ይመርጥ ነበር፤ እዚህ ግን የቆረጠው የሠንጠረዡ ስፋት ነው፤ ለሠንጠረዡ ደግሞ ሁሉም ፊደል እኩል ነው።

በሊኑክስ ጉዳቱ የእይታ ብቻ ነው፤ ትእዛዙ ላይ ጭረትና «ደብልዩ» የተባለችውን የላቲን ፊደል ሲጨምሩ ሙሉው አድራሻ ይወጣል፤ ምርመራ የሚያደርግ ሰው ከዚህ ቢጀምር እመክራለሁ። ፍሪቢኤስዲ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 እስከ ወጣው 9.0 እትሙ ድረስ 16 ፊደል ብቻ የሚይዘውን መዝገብ ይዞ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ፋይል ተቆርጦ የተጻፈ አድራሻ በየትኛውም ትእዛዝ አይመለስም።

በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 አሮጌውን «ላስት» ትቶ መዝገቡን ወደ ዳታቤዝ አዛውሯል፤ በዚያ የአድራሻ ርዝመት ችግር አይሆንም። ለውጡን ያስገደደው ግን አድራሻው አይደለም። የአሮጌው መዝገብ ባለ 32 ቢት የሰዓት ቁጥር በጃንዋሪ 2038 ይሞላል፤ የተፈራው እርሱ ነው።