እንዶድ

እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በየአጥሩ ሥርና በየወንዙ ዳር የሚበቅል፣ ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ በውኃ ሲመታ አረፋ የሚያወጣ፣ እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ነጠላና ጋቢ ያነጡበት ቁጥቋጦ ነው። ዛሬ በልደታ ኮንዶሚኒየም በረንዳዎች ላይ የሚሰጣው ልብስ በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነውና፣ በዚያ የሚያድጉ ልጆች የዚህን ዕፅ ስም እንኳ የሚሰሙት ከአያቶቻቸው አንደበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ሊቁ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ የቢልሃርዝያን ደዌ ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ባለው ወራጅ ውኃ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። የደዌው ትል ከሕሙም ሰው ዓይነ ምድር ወደ ውኃ ወርዶ በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ካልተራባ በቀር የሌላውን ሰው ቆዳ በስቶ መግባት ስለማይችል፣ በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ቀንድ አውጣውን ሲገድል የተላላፊነቱን ሰንሰለት ከመካከሉ ይበጥሰዋል። ከ1969 እስከ 1974 በዚያው በዓድዋ በተደረገው ሙከራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ፤ ይህም በሀገራችን የሕክምና ታሪክ ከታላላቆቹ ሥራዎች ተርታ ሊቈጠር የሚገባው ነው።

አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል፣ ወደ ወንዝ የሚጨመረው በልክና በጥንቃቄ ነው።