ቢንቢዋ መርፌ ስትሆን

ኑ፣ ቀረብ በሉ። የማወጋችሁ ተረት አይደለም፤ ፈቅደው ክንዳቸውን ለቢንቢ ስለሰጡ ሰዎች ነው።

ቦታው ኔዘርላንድስ፣ ላይደን ከተማ። ሰውዬው እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ትንሽ ዕቃ ላይ ያሳርፋል። የዕቃው አፍ በስስ መረብ ተሸፍኗል፤ ከመረቡ ሥር 50 የተራቡ ቢንቢዎች አሉ። ሁሉም ሴት ናቸው፤ ደም የምትጠጣው ሴቷ ናትና። እኛ አጎበር የምንዘረጋው እንዳትነክሰን ነው፤ የእነሱ መረብ ግን በርራ እንዳታመልጥ ብቻ ነው። ንከሺ ተብላለች!

በምራቋ የያዘችው ወባ ነው፤ ግን ተመራማሪዎች ከዘረመሉ ቆርጠው ያሰነከሉት ወባ። ያልተሰነከለው ተውሳክ ከቢንቢዋ ምራቅ ተነሥቶ ጉበት ይገባል፤ ሳምንት ያህል እዚያ አድፍጦ ይራባል። ንዳዱ የሚነሣው ከዚያ ወጥቶ ደም ውስጥ ሲገባ ነው። የተሰነከለው ግን ከጉበት ሳይወጣ ይሞታል፤ ክትባቱም እሱው ነው።

ወሬው የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዓይነት አዘጋጁ፦ አንዱ ጉበት በገባ በአንድ ቀን የሚሞት፣ ሌላው ስድስት ቀን ገደማ የሚቆይ። በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ሙከራ ሰዎቹ ሦስት ጊዜ 50 50 ተነከሱ፤ ከዚያ ያልተሰነከለ ወባ በተሸከሙ 5 ቢንቢዎች ተፈተኑ። ቶሎ ሟቹን ከወሰዱት 8 ሰዎች የተረፈው 1 ብቻ። የሚቆየውን ከወሰዱት 9 ግን 8ቱን ወባ አልያዛቸውም። ንጹሕ ቢንቢ የነከሳቸው 3ቱም አላመለጡም። የሰውነት መከላከያ እንደ ቤተሰብ ነው፦ ሌባ ደጃፍ ላይ ተደፍቶ ቢቀር መልኩን ማን ያውቀዋል? ስድስት ቀን ጓዳ ለጓዳ ሲዞር የከረመውን ግን ቤተሰቡ ሁሉ ይለየዋል።

በነገራችን ላይ፣ ለዚህ ሥራ የተመለመለችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ ለእኛም እንግዳ አይደለችም። በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው እሷው ናት፤ ከተማ የምትወድ፣ በውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባ። እዚያ ክትባት አቀባይ፣ እዚህ ጠላት።

ታዲያ ቢንቢዎቹን ለምን ከተማ ላይ አይለቋቸውም? የመድኃኒቱን መጠን ማን ይለካል? የተኛውን ሰውስ ማን ያስፈቅዳል? የሚፈለገው ክትባቱን ከቢንቢዋ አውጥቶ ብልቃጥ ውስጥ መክተት ነው። ይኸውም በማይክሮስኮፕ ሥር የቢንቢዋን ራስ በመርፌ ጫፍ ሳብ አድርጎ፣ ከዓይን የምታመልጥ የምራቅ ዕጢዋን መልቀም። ከዚያ ደግሞ ቀጣይዋን።