በሳንሱር መቀስ ሥር ያለፉ ደብዳቤዎች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የእንግሊዝና የአሜሪካ ተማሪዎች የተጻጻፏቸውን ደብዳቤዎች የሚያነብ ሰው መጀመሪያ ቅር ይለው ይሆናል። ቦምብ ፍለጋ ገብቶ የሚያገኘው የስኳር፣ የጫማና የሒሳብ ፈተና ወሬ ነው። የልጅ ወግ ነው ብሎ ማለፍ ግን ስህተት ይመስለኛል። ልጆቹን ወደ ጓዳ ወሬ የገፋቸው ሳንሱሩ ራሱ ነው፤ በዚያው ሰበብ ጋዜጣ የዘለለውን ጦርነት ጻፉ።

ሊቨርፑል ውስጥ የሊትልውድስ ኩባንያ ሕንጻ ለደብዳቤ ምርመራ ተወስዶ ነበር። መርማሪዋ ፖስታውን ቀድዳ ታነባለች፤ ቦምብ የወደቀበት ሰፈር ወይም የመርከብ ስም ካገኘች ትቆርጣለች፤ ከዚያ በመርማሪ መከፈቱን የሚናገር ባለቁጥር ወረቀት ለጥፋ ትሸኘዋለች። ቀጥሎ ሰርጓጅ መርከቦች የሚያደቡበት አትላንቲክ አለ። ሳምንታት ቆይቶ ለሚደርስ ደብዳቤ፣ ያውም ከደረሰ፣ የማያረጅ ወሬ ያስፈልጋል። ራሽን ደግሞ አያረጅም። ከጁላይ 1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከረሜላ በራሽን ሲሆን፣ ለአንድ ሰው በ4 ሳምንት የሚደርሰው በአብዛኛው 340 ግራም ገደማ ነበር። ይህን ለመረዳት የአሜሪካ ልጅ ካርታ መዘርጋት አያስፈልገውም። ሚኪ ማውስንም እንዲሁ ያውቃል፤ እሱ የሚያውቀው ግን የሲኒማውን ነው። እንግሊዝ ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራው፣ ሕፃናት እንዳይፈሩት ቀይና ሰማያዊ ተደርጎ የተሠራ የጋዝ ጭምብል ነበር።

ይህ ደብዳቤ መጻጻፍ የመንግሥት ፕሮፓጋንዳ አይደለም ወይ የሚል አይጠፋም፤ ነገሩም መሠረት አለው። አሜሪካ በዲሴምበር 1941 ጦርነቱን እስክትቀላቀል ድረስ ለንደን የአሜሪካውያንን ልብ ለመሳብ ብዙ ደክማለች፤ ደብዳቤውንም እንደ ክፍል ሥራ ያዘዙ መምህራን ነበሩ። ሆኖም መምህር የሚያስጽፈው የመጀመሪያውን ነው። አንዲት ልጅ ትምህርት ቤት ለቅቃ፣ ጦርነቱም አልቆ የቀጠለችውን ማን አዘዛት? ከባዱ ትችት ሌላ ነው፤ ወዳጅነቱ እኩል አልነበረም የሚለው። እውነት ነው። አሜሪካም በ1942 ስኳር በራሽን ሆኗል፤ ልጆችም ባለ 10 ሳንቲም የጦርነት ቴምብር ይገዙ ነበር፤ ግን ጣሪያቸው ላይ ቦምብ አልዘነበም። ይህ ልዩነት ለእኔ ደብዳቤዎቹን አያረክሳቸውም። ሁለቱ በአንድ ዓይነት ኑሮ ቢኖሩ ኖሮ ጭምብል ምን እንደሚሸት፣ ሌሊቱን ምድር ቤት ማደር ምን እንደሚመስል ማስረዳት ባላስፈለገ ነበር። ማስረዳቱም ከጦርነቱ ጋር አላበቃም። የእንግሊዝ ከረሜላ ከራሽን የወጣው በፌብሩዋሪ 1953 ነው፤ ራሽኑ ሲጀመር የ10 ዓመት ልጅ የነበረው ያኔ 20 ዓመት አልፎታል።