የቸርኬ ማደግ ታሪክ በፖርሽ 911 የስፖርት መኪና

የስፖርት መኪና የሚወዱ ሰዎች መኪናቸውን ከገዙ በኋላ አስቀድመው ከሚያስቡት ነገር አንዱ የፋብሪካውን ቸርኬ አውልቆ በትልቅ ቸርኬ መለወጥና መኪናውን ወደ መሬት ዝቅ ማድረግ ነው። ይህን የሚያይ ሰው ነገሩ ጌጥ ብቻ ይመስለዋል፤ ባለመኪናው ደግሞ ቸርኬው በተለቀ መጠን መኪናው እንደሚሻል ያምናል። እኛ ግን ጉዳዩን በታሪክ በኩል ስንመረምረው ሁለቱንም አስተያየቶች ትክክል ሆነው አላገኘናቸውም። ለምርመራችንም የመረጥነው የጀርመኑን ፖርሽ 911 ነው። ይህ መኪና ከ1964 ዓ. ም. ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) መልኩን እምብዛም ሳይለውጥ ሲሠራ ስለ ቈየ፥ የቸርኬውን ለውጥ ለይቶ ለማየት ያመቻል።

የመጀመሪያው 911 ቸርኬ ዲያሜትሩ 15 ኢንች፥ ስፋቱ 4 ኢንች ተኩል ነበር። በ1966 ኦቶ ፉክስ የተባለው ፋብሪካ ከአሉሚኒየም ቀጥቅጦ የሠራው ቸርኬ 911 ኤስ በተባለው ዓይነት ላይ ተገጠመ። ጥቅሙም ቅለቱ ነው፤ ከሞላው በታች ያለው ክብደት ሲያንስ ጎማው የመንገዱን ጐርባጣ ቶሎ ይከተላልና። ከዚያም እስከ 1969 ድረስ ስፋቱ ወደ 6 ኢንች ደረሰ። በ1972 ለውድድር ፈቃድ ተብሎ የወጣው ካሬራ አር ኤስ ደግሞ በፊት 6፥ በኋላ 7 ኢንች ስፋት ነበረው። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፥ ፋብሪካው ሰፊውን ቸርኬ ለማስገባት የኋላውን ፓራፋንጎ ጭምር ማስፋቱ ነው።

ዲያሜትሩ ያደገው ከዚህ በኋላ ነው። በጎማ ጎን ላይ የተጻፈው ቍጥር ለታሪክ ተመራማሪ እንደ ሰነድ ያገለግላል። የመጀመሪያው ቍጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፥ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ ስንት እንደ ሆነ፥ ሦስተኛው የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። እንግዲህ የ911 ቱርቦን የኋላ ጎማ በየዘመኑ እናስተያይ። በ1975 የወጣው 215/60 15 ነበር፤ የጎኑ ቁመት 129፥ ጠቅላላ ዲያሜትሩ 639 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የ1978ቱ 225/50 16 ሲሆን ጎኑ 112 ተኩል፥ ጠቅላላው 631 ነው። የ1991ዱ 255/40 17 ጎኑ 102፥ ጠቅላላው 636 ሲሆን፥ የ1995ቱ 285/30 18 ጎኑ 85 ተኩል፥ ጠቅላላው 628 ነው። በ20 ዓመት ውስጥ ቸርኬው በ3 ኢንች ሲያድግ፥ ጎማው ግን ከነቸርኬው ሲለካ አላደገም፤ እንዲያውም 11 ሚሊ ሜትር ያህል ቀነሰ።

ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። ሰፊ ጎማ ጎኑ ረጅም ከሆነ በመታጠፊያ ላይ ይወላገዳል፤ ጎኑ ሲያጥር ግን መሪውን ቶሎ ይታዘዛል። ቸርኬው ሲተልቅ ደግሞ በውስጡ ለትልቅ ፍሬን ቦታ ይገኛል። የ1978ቱ ቱርቦም 917 ከተባለው የውድድር መኪና የተወሰደ ዓይነት ፍሬን ነበረው። በ1970ዎቹ ፒሬሊ ፒ7ን የመሰሉ ጎነ አጭር ጎማዎች መሠራታቸው ይህን አስቻለ። ስለዚህ ትልቁ ቸርኬ የመጣው ከጌጥ ሳይሆን ከፍጥነትና ከፍሬን ጥያቄ ነው።

ባለመኪናው ግን ብዙ ጊዜ የሚወስደው ከታሪኩ አንዱን ክፍል ብቻ ነው። በ1975ቱ ቱርቦ ላይ 255/45 17 ጎማ ቢገጥም፥ ጠቅላላው ዲያሜትር 661 ይሆናል፤ ከፋብሪካው በ22 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። በዚህ የተነሣ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲያሳይ መኪናው የሚሮጠው ከ103 በላይ ነው። ጎማውም ወደ ፓራፋንጎው በ11 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። መኪናው በዚያው ላይ ዝቅ ከተደረገ የቀረው ክፍተት ያልቅና፥ ሰው ሲጫን ወይም ጕድጓድ ሲያጋጥም የፓራፋንጎው ጠርዝ ጎማውን ይቈርጠዋል።

ዝቅ ማድረጉም የራሱ መዘዝ አለው። እስከ 1989 በተሠሩት 911 መኪናዎች ክብደቱን የሚሸከሙት የሚጠማዘዙ የብረት ዘንጎች ስለ ሆኑ፥ እነርሱን አስተካክሎ መኪናውን ማውረድ ቀላል ነው። ነገር ግን መኪናው ሲወርድ ከመሪው ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ይዘነብላሉ፤ ጎማው ጐርባጣ ሲመታም ሾፌሩ ሳያዝዝ መኪናው አቅጣጫውን ይስታል። መፍትሔው የመሪውን ማርሽ በማስደገፊያ በዚያው ልክ ከፍ ማድረግ ነው።

ከዚህ በላይ ከተባለው የምንረዳው፥ ፋብሪካው ቸርኬውን ሲያሳድግ የጎማውን ጎን አሳጥሯል፥ ፓራፋንጎውን አስፍቷል፥ ፍሬኑንም አሻሽሏል። አንዱን ለውጦ ሌላውን መተው ግን የታሪኩን ግማሽ መቅዳት ነው። ትልቅ ቸርኬ የሚገዛ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ በአሮጌው ጎማው ላይ የተጻፉትን ሦስት ቍጥሮች አንብቦ ቢያሰላ፥ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ነፍሱንም ያተርፋል እንላለን።